ተመስገን ስንል ምን ማለታችን ነው?

ማንበብና መጻፍ ተምረው ለጨረሱ የጅማና የአጋሮ አካባቢ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ገጥማችሁ፣ አሁን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ጀምራችኋል። ስለዚህ የዛሬውን ንግግራችንን ከአንድ ቃል እንጀምር። ቃሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፊደል ሳትቆጥሩም ታውቁት ነበር። ቃሉ «ተመስገን» ነው።

ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሰቃ እስከ ሊሙ ገነት በመንገድ የሚሄድ ሰው ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ ይሰማል? «እንዴት አደራችሁ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ልጆች ደኅና ናቸው?» «ተመስገን።» «ቡናውስ እንዴት ነው?» «ተመስገን ነው።» ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። በኦሮምኛ «ገለታ» እንላለን። አገራችን ምስጋና ያነሰበት አገር አይደለም። በአፍ ከተቆጠረ ከእኛ የሚበልጥ አመስጋኝ መኖሩን እኔ እጠራጠራለሁ።

ታዲያ ክርስቲያን በየቀኑ እግዚአብሔርን እያመሰገነ ይኑር ሲባል ምን አዲስ ነገር አለው? ይኼ ልጅ የምናውቀውን ሊነግረን ነው ወይ የመጣው? ትሉ ይሆናል። ቃሉን እናውቀዋለን። ነገር ግን አፋችን በጣም ስለለመደው ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንዳንድ ጊዜ በእውነት ያመሰግናል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ነገር ይሸፍናል።

አንድ ቀን በአንድ ጤና ኬላ ደጃፍ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ መጣች። ሕፃኑ በትኩሳት ይቃጠላል። የጤና ረዳቱ «ልጁ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ተመስገን፣ ደኅና ነው» አለችው። እሱም ቀና ብሎ ሳያያት «እንግዲያው ተራሽን ጠብቂ» አላት። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። እሷ ጥግ ይዛ ዝም አለች። በመጨረሻ አጠገቧ የነበሩ አንዲት አሮጊት የልጁን ግንባር ዳሰሱና «ኧረ ይህ ልጅ እሳት ሆኗል! ይህ ነው ደኅና?» ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ ልጁ ተመረመረ። ወባ ነበር። መድኃኒት ተሰጠውና ዳነ።

እናቲቱ ዋሸች ልንል አንችልም። ሲጠይቋት እንደ ጨዋ ሰው መለሰች። አባቶቻችን ያስተማሩን ነው። ሰው ፊት ችግርን መዘርዘር ነውር ይመስለናል። እግዚአብሔርን ማማረርም ይመስለናል። ግን እስቲ አስቡት፤ ልጁን የሚያድነው መድኃኒት አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ «ተመስገን» የሚለው ቃል በመካከሉ እንደ አጥር ቆመ። እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ምስጋና ከእኛ የሚፈልግ አይመስለኝም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 የተጻፈውን ታሪክ እናስታውስ። ጳውሎስና ሲላስ ፊልጵስዩስ በምትባል ከተማ ተይዘው ልብሳቸው ተገፎ በሕዝብ ፊት ተገረፉ። ነገራቸው በፍርድ አልታየም። ወደ ውስጠኛው ወኅኒ ተጣሉ፤ እግራቸውም በግንድ ተጠረቀ። በእኩለ ሌሊት ግን ቁስላቸው ሳይታጠብ ይጸልዩ ነበር፤ በመዝሙርም እግዚአብሔርን ያመሰግኑ ነበር። ሌሎቹ እስረኞችም ያዳምጧቸው ነበር።

እስከዚህ ያለውን ሰባኪ ሁሉ ይነግረናል። ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ አንሰማውም። ሲነጋ ሹማምንቱ ይፈቱ ብለው ላኩ። ጳውሎስ ግን በዝምታ አልወጣም። በአደባባይ ያለ ፍርድ ገርፈውን ሲያበቁ አሁን በስውር ሊያስወጡን ነው ወይ፣ ራሳቸው መጥተው ያውጡን ብሎ መለሰላቸው። የሮማ ዜጋ ስለነበረ ሕግ ያውቅ ነበር። ሹማምንቱም ፈሩ፤ መጥተውም ለመኗቸው።

አያችሁ? ሌሊት ያመሰገነው ሰው ጠዋት መብቱን ጠየቀ። አንድ ሰው ነው። አንድ አፍ ነው። ምስጋናው ጥያቄውን አላስቀረውም፤ ጥያቄውም ምስጋናውን አላፈረሰውም።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ነጋዴ ሚዛኑ ላይ ጣቱን አሳርፎ አንዱን ፈረሱላ 15 ኪሎ ሲያደርገው፣ አርሶ፣ አርሞ፣ ለቅሞ፣ አድርቆ የመጣ ሰው «ተመስገን፣ የሰጠኝ ይበቃኛል» ብሎ ቢሄድ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን ሌባ ወሰደበት እንጂ አመሰገነ ማለት አይቻልም። ሁለቱ ኪሎም እኮ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። እናንተ አሁን ቁጥር ታነባላችሁ። ሚዛኑን ቀርባችሁ አንብቡ። ከዚያ በኋላ አመስግኑ።

አሁን ወደ ሌላ ታሪክ እንሂድ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 አሥር ለምጻሞች ነበሩ። ኢየሱስ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ ብሎ ላካቸው። በመንገድ ሳሉ ነጹ። ዘጠኙ መንገዳቸውን ቀጠሉ። አንዱ ግን ዞሮ ተመለሰ፤ በእግሩም ላይ ወድቆ አመሰገነ። ያውም ባዕድ ሰው፣ ሳምራዊ ነበር።

እኔ ዘጠኙን ክፉ ሰዎች ናቸው አልላቸውም። የታዘዙትን ነበር የሚያደርጉት። ቤታቸውን፣ ሚስታቸውን፣ ልጆቻቸውን ከስንት ዘመን በኋላ ሊያዩ ይቸኩሉ ይሆናል። በልባቸውም «ተመስገን» ብለው ይሆናል። ነገር ግን አልተመለሱም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወደ ሰጪው ተመለሰ።

መመለስ በእኛ ኑሮ ምን ይመስላል? አማርኛችን እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለው። ሰው መልካም ሲያደርግልን «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። ዕዳዬን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ ማለታችን ነው። በጣም የሚያምር አነጋገር ነው፤ እኔ እወደዋለሁ። ግን ተጠንቀቁ። አንዳንዴ ዕዳውን ሁሉ ወደ እግዚአብሔር አዙረን እኛ ነጻ እንወጣለን። በለቀማ ወራት ከዳውሮ፣ ከከፋ በእግሩ የመጣው ለቃሚ ጀርባው እስኪጎብጥ ቡናችንን ይለቅማል። የቀን ሒሳቡን አዘግይተን፣ ማደሪያውን በረት ሥር አድርገን፣ «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» ብንለው፣ ከዘጠኙ ጋር ነን። እሱ የሚፈልገው እጃችን ውስጥ ነው ያለው።

ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ማታ እራት ሲቀርብ አባወራው ይባርካል፤ ስለ እንጀራው፣ ስለ ቆጮው እግዚአብሔርን ያመሰግናል። መልካም ነው። ሚስቲቱ ግን ከንጋት ጀምራ ውሃ ቀድታለች፣ እንጨት ተሸክማለች፣ ፈጭታለች፣ ጋግራለች። ስሟ በምርቃቱ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ይነሣል ወይ? አባቶቼ፣ ድፍረት አይሁንብኝ። ጳውሎስ ራሱ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ከእስር ቤት ሲጽፍ እግዚአብሔርን አመስግኖ አላበቃም። ስንቅ የላኩለትንም መልካም አደረጋችሁ ብሏቸዋል፤ ያመጣለትን ሰውም በስሙ ጠርቶታል።

እንግዲህ ከባዱ ጥያቄ ሲጠፋስ ምን እንላለን የሚለው ነው። ነቢዩ ዕንባቆም በመጽሐፉ በምዕራፍ 3 የሚያጡ ነገሮችን አንድ በአንድ ይቆጥራል። በለሱን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ እርሻውን፣ በጎቹን፣ ከብቶቹን ይቆጥራል። እነዚህ ሁሉ ቢጠፉ እንኳ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው ይናገራል። ልብ በሉ፤ የጠፋውን በስሙ ጠርቶ ነው። ደኅና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም አላለም። በእኛ አገር ቢሆን ቡናውን፣ በቆሎውን፣ እንሰቱን፣ ቀፎውን፣ ላሟን ይቆጥር ነበር።

ሽማግሌዎቻችን እንዲህ ያለ ቀን ያውቃሉ። የቡና ፍሬ በሽታ የሚባለው መቅሠፍት ኬንያ ውስጥ የታየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ነው። አገራችን የገባው በ1971፣ ማለት በእኛ በ1963 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሽታው ቅጠሉን አይነካም። ዛፉ ከሩቅ ሲያዩት ለምለም ነው። ቀርበው ሲያዩት ግን አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ነጥቡ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ይሰፋል፤ ፍሬው ጠቁሮ ይረግፋል፤ ወይም እዚያው እግንዱ ላይ ደርቆ ይቀራል። ዝናብና ብርድ በበዛበት ደጋማ ቦታ ይብሳል። አበባውን አይቶ ዕዳ የተበደረ፣ ሠርግ የቀጠረ ገበሬ በጥቅምት ባዶ ቅርንጫፍ ይዞ ቀረ።

መድኃኒቱ ከየት መጣ? የሚረጭ መድኃኒት ነበረ፤ ለድሃ ገበሬ ግን ውድ ነው። ታዲያ የቡና ተመራማሪዎች ጅማ አጠገብ መልኮ በሚገኘው ጣቢያ ሆነው አንድ ነገር አስተዋሉ። በሽታው ሁሉንም ዛፍ እኩል አይገድልም። በታመመ ጫካ መካከል አንዳንድ ዛፍ ጤነኛ ፍሬ ተሸክሞ ይቆማል። እነዚያን ዛፎች እየዞሩ ፈለጉ። ዘር ወሰዱ፣ ችግኝ አፈሉ፣ በሽታውን ሆን ብለው አስይዘው ፈተኑ። ዛሬ በየችግኝ ጣቢያው የምትሰሟቸው 741፣ 7440፣ 74110፣ 74112 የሚባሉት ቡናዎች እንዲህ የተገኙ ናቸው። 74 የሚለው ቁጥር የተመረጡበት ዓመት ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1974። 741 ከጌራ ነው። 7440 ከከፋ ነው። 74110 እና 74112 ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ ናቸው። ከሌላ አገር የመጣ አንድም የለባቸው።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ዝም ብዬ ቆየሁ። በሽታው ከመምጣቱ በፊት መድኃኒቱ በጫካችን ውስጥ ቆሞ ነበር ማለት ነው። አያቶቻችን በሥሩ ሲያልፉ አላወቁትም። ክርስቲያን ለዚህ እግዚአብሔርን ያመስግን፤ ይገባል። ነገር ግን ያ ዛፍ የተገኘው ሰዎች ፍሬው ታሟል ብለው በእውነት ስለተናገሩ፣ ጫካ ለጫካም ስለተንከራተቱ ነው። ሁሉም ሰው «ተመስገን፣ ቡናው ደኅና ነው» ቢል ኖሮ ማን ይፈልገው ነበር? ደግሞ አሁንም ሌላ በሽታ ቢመጣ መልሱ የቆመው በቀረው ጫካ ውስጥ ይሆናል። ስለ ስጦታው አመስግኖ ጫካውን መመንጠር አንድ ላይ አይሄድም።

ስለ ቡና ዋጋም አንድ ነገር ላንሣ፤ ብዙ አላስረዝመውም። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ብራዚል ውስጥ ከባድ ውርጭ ወረደ። ፓራና በሚባለው ክፍለ ሀገር የነበረው ቡና ከሞላ ጎደል በአንድ ሌሊት ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ እየወጣ ሄዶ በ1969 ዓ.ም. አንዱ ፓውንድ ከ3 የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሸጠ። ፓውንድ ማለት ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ነው። እዚህ ቡና ያለው ሰው «ተመስገን» ቢል፣ እዚያ ያለው ገበሬ ደግሞ የተቃጠለ ዛፉን ይነቅል ነበር። ነገሩ በተራ ነው። በ1981 ዓ.ም. ቡና አምራችና ቡና ገዢ አገሮች የተስማሙበት የኮታ ውል ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ከብራዚልና ከቬትናም ብዙ ቡና ወጥቶ ዋጋው ከግማሽ ዶላር በታች ወረደ። ያን ጊዜ የሌላው ጥጋብ የእኛ ራብ ሆነ።

ታዲያ ዋጋ ሲወጣ ማመስገን ኃጢአት ነው? አይደለም። ልጅህ ስለ ለበሰው ልብስ፣ ስለ ተከፈለው ዕዳ አመስግን። ስለ ሰውየው ውርጭ ግን አታመስግን። ያን ሰው አታውቀውም፤ ቋንቋውን አትሰማም፤ እጁ ግን እንደ እጅህ በቡና ገለባ የጠቆረ ነው። በጸሎትህ ስሙን ባታውቅም «ያንንም ገበሬ አስበው» በል። ምስጋና ተቀባዩን ብቻ የሚያይ ከሆነ ወደ ትርፍ ቆጠራ ይለወጣል።

አሁን ስለ አንዲት የዚህ አገር ልጅ ልንገራችሁ። ስሟ አስቴር ጋኖ ነው። በሊሙ እናርያ መንግሥት ጊዜ፣ ዛሬ ሊሙ ቡና በሚለቀምበት አገር፣ ነጻ ሆና ሳለ ባሪያ ተደረገች። ያን ጊዜ ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር። የዛሬዋ ጅማ የበቀለችበት የሂርማታ ገበያም ቡናና ማር ብቻ አልነበረም የሚሸጥበት፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። አስቴር ከእጅ ወደ እጅ አልፋ ቀይ ባሕር ደረሰች፤ ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ተጫነች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ያን መርከብ ያዙትና ነጻ ወጣች። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በምትባል ስፍራ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ነበር፤ እዚያ ገባች። ፊደል ተማረች። እንደ እናንተ «ሀ» ብላ ጀመረች ማለት ነው።

ከተማረች በኋላ ምን አደረገች? በልጅነቷ የሰማችውን የኦሮምኛ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ጻፈች። 500 ያህል ናቸው። ኦኔሲሞስ ነሲብ የሚባለውም ሰው ከኢሉባቦር በልጅነቱ ተሰርቆ የተሸጠ፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ነበር። ሁለቱ አብረው ሠሩ። አስቴር ከጻፈቻቸው ከፊሎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገቡ። በ1899 ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በኦሮምኛ ታተመ፤ ቃላቱን በመሰብሰብና በትርጉሙ ሥራ አስቴር ረድታለች። ሁለቱም መጻሕፍት የታተሙት ይህ መጽሐፋችን በታተመበት በግዕዝ ፊደል ነው። ኋላም ወደ ወለጋ ተመልሰው ሕፃናትን አስተማሩ።

አንድ ሰው «ባሪያ ባትሆን ኖሮ ፊደል አታውቅም ነበር፤ ስለዚህ ለባርነቱም ይመስገን» ቢለኝ አልቀበለውም። ባርነት ክፉ ነው፤ ክፉ ሆኖ ይቀራል። ከእናቷ ጉያ ተነጥቃ ያጣችውን ማንም አልመለሰላትም። አስቴር ግን የተሰጣትን ፊደል ይዛ አልተቀመጠችም። ወደ ሰጪው የምትመለስበት መንገድ በሕዝቧ ልጆች በኩል ሆነ። እኔ ይህን ምስጋና እለዋለሁ። የሊሙ ሰዎች፣ ይህች ልጃችሁ ናት። ስሟን አንብቡ፤ ለልጆቻችሁም ንገሩ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በየቀኑ ማመስገን ሲባል ጊዜ ከየት ይመጣል? ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ሰዓት ሠርታለች፤ ቅዳሴውም ከፍ ሲል በግዕዝ አኮቴት ይባላል፤ አኮቴት ምስጋና ማለት ነው። ገበሬ ግን በአረም ጊዜ ሰባቱን ሰዓት ለመጠበቅ ሊቸግረው ይችላል። እኔ የማሳስባችሁ አንድ ጊዜ አለ። በየቤታችን ቡና ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይቀዳል። በረካ በረከት ማለት ነው፤ ቃሉ ከዓረብኛ ነው የመጣው። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ብዙ ክርስቲያኖች ቡና የእስላም መጠጥ ነው ብለው አይጠጡም ነበር። ዛሬ ያለ እሱ ጎረቤት ከጎረቤት አይታረቅም። በረካው ሲቀዳ ሐሜቱን ለጊዜው ተዉትና እያንዳንዱ ሰው የዚያን ቀን አንድ ነገር ይጥቀስ። ትልቅ ነገር አትፈልጉ። ላሟ ታልባ ይሆናል። ጉልበቴ ዛሬ አልቆረጠመኝም የሚልም ይኖራል። ልጅ ካለ ልጁም ይናገር፤ ልጆች እኛ ያላየነውን ያያሉ።

ደግሞ አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ። ባለፈው ሳምንት በአንድ ክፍል ይህን ሞከርን። እያንዳንዱ ሰው ሦስት መስመር እንዲጽፍ ጠየቅሁ። በመጀመሪያው መስመር ዛሬ ያገኘውን፣ በሁለተኛው በማን እጅ እንደ መጣለት፣ በሦስተኛው የጎደለውን ይጽፋል። የጎደለውን ለምን እንጽፋለን ብለው አንድ አባት ተቆጡኝ። እግዚአብሔር ያውቀዋል አሉ። እሱ ያውቀዋል፤ ጎረቤትዎ ግን ላያውቀው ይችላል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ጻፉ። ደብተራቸውን ሲያሳዩኝ እንዲህ ይል ነበር፤

ምንጩ ተጠረገ።
የጎረቤቴ ልጅ ጠረገው።
ጨው የለም።

አጠገባቸው የተቀመጡት እናት ፊደል እየቆጠሩ ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱና በቅጠል ጠቅልለው ጨው ይዘው ተመለሱ። ሽማግሌው ደብተራቸውን መልሰው ያዙና ከሥር አራተኛ መስመር ጨመሩበት። የሴትየዋን ስም ነበር የጻፉት። አንድ ፊደል ገድፈዋል፤ እኔ ግን አላረምኩትም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ደብተራችሁን አውጡ። እርሳስ የሌለው ከእኔ ይውሰድ። ፋኖሱ ጋዝ ሳይጨርስ እንጀምር።